ከከርነል ማሻሻያ በኋላ በኩበርኔቲስ ኖዶች ላይ የሚፈጠርን የፋየርዎል ደንቦች አለመጣጣም መለየትና ማስተካከል

የኩበርኔቲስ ኖድ፣ ማለትም ኮንቴይነሮች የሚሠሩበት የክላስተሩ አንድ ማሽን፣ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ተሻሽሎ ዳግም ሲነሣ ላይ ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ኖዱ «ሬዲ» ይላል፣ ፖዶቹም (የኮንቴይነር ስብስቦቹ) ይነሣሉ፤ ነገር ግን ከፖድ ወደ ሰርቪስ (የብዙ ፖዶች የጋራ መግቢያ) አድራሻ የተላከ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ጊዜው ያልፍበታል፣ የዲኤንኤስ ፍለጋ ይንጠለጠላል፣ በኖድፖርት (በኖዱ ላይ ለሰርቪሱ በተከፈተ የፖርት ቁጥር) ከውጭ የሚመጣው ትራፊክም አንዴ ይገባል አንዴ አይገባም። በየኖዱ ላይ የሚሠራው የኩበርኔቲስ ወኪል ኩብሌት የኖዱን ጤና ለመቆጣጠሪያው የሚያሳውቀው በኖዱ በራሱ ኔትወርክ እንጂ በፖዶቹ ኔትወርክ ስላልሆነ፣ «ሬዲ» የሚለው ቃል ስለ ፋየርዎል ደንቦቹ ሁኔታ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ኖዶቹን ራሱ ለሚያስተዳድር ባለሙያ ነው። ከመጀመሪያው መያዝ ያለበት ሐሳብ አንድ ነው፤ በእንዲህ ያለ ችግር ውስጥ አዲሱ ከርነል ብቻውን ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአንድ ኖድ ላይ ደንብ የሚጽፉ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቨርዥን እንደሚጽፉ አስቀድሞ ስላልተስማሙ ማሻሻያው አለመስማማታቸውን ያወጣዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ደንብ ከመሰረዝ በፊት ማን፣ በምን እንደጻፈው መታወቅ አለበት።

ችግሩ ከየት ይመጣል

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ፓኬት የሚያጣራው ክፍል ኔትፊልተር ይባላል። ለእርሱ ደንብ የሚሰጡት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የቀድሞው አይፒቴብልስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2014 በወጣው ከርነል 3.13 ውስጥ የገባው ኤንኤፍቴብልስ ነው። በ2018 የወጣው አይፒቴብልስ 1.8 ነገሩን አወሳሰበው፤ ከዚያ ጀምሮ «አይፒቴብልስ» የሚለው አንድ ትዕዛዝ ከኋላው ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ሊኖሩት ይችላሉ። «አይፒቴብልስ-ሌጋሲ» ለቀድሞው የከርነል ክፍል ይጽፋል፤ «አይፒቴብልስ-ኤንኤፍቲ» ደግሞ የድሮውን አጻጻፍ ተቀብሎ ወደ ኤንኤፍቴብልስ ይተረጉማል። ትዕዛዙ በስሙም ሆነ በአጠቃቀሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛው ባክኤንድ (ከኋላ የሚሠራው ፕሮግራም) እየሠራ እንደሆነ ካልተጠየቀ በቀር አይታወቅም።

ዲስትሪቢውሽኖቹ የተሻገሩት በተለያየ ጊዜ ነው። ዴቢያን 10 ከ2019 ጀምሮ ኤንኤፍቲን መነሻ አድርጓል፤ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 የሌጋሲውን መሣሪያ ጭራሽ አላቀረበም። ኡቡንቱ 20.04 በሌጋሲ ቆይቶ ኡቡንቱ 22.04 ወደ ኤንኤፍቲ ተሻግሯል፤ በዚህም ምክንያት ከ20.04 ወደ 22.04 የተሸጋገረ ኖድ ከርነሉ ከ5.4 ወደ 5.15 ሲቀየር የደንብ መጻፊያው ባክኤንድም አብሮት ይቀየራል። ሰዎች «ከርነሉን ባሻሽለው ተበላሸ» የሚሉት አንዳንዴ ይህንኑ ነው። ከከርነል 6.17 ወዲህ ደግሞ የሌጋሲው ሠንጠረዥ ኮድ ራሱን በቻለ የግንባታ አማራጭ ሥር ስለገባ፣ ያ አማራጭ ሳይበራ የተገነባ ከርነል ላይ «አይፒቴብልስ-ሌጋሲ» ምንም ሊሠራ አይችልም።

ሁለቱ ባክኤንዶች በአንድ ከርነል ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ፓኬቱ በሁለቱም ደንቦች ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ «ይለፍ» ቢለውም ሌላው «ይጣል» ካለው ይጣላል። በአንደኛው በኩል ብቻ የሚመለከት ባለሙያ ፓኬቱን የሚጥለውን ደንብ ሲፈልግ ቢውል አያገኘውም።

1. ኖዱን ያግልሉ፣ ማስረጃውን ይያዙ

በ«ኩብሲቲኤል ኮርደን» ኖዱን አዲስ ፖድ እንዳይመደብበት ያድርጉት። የአገልግሎት መቋረጥ ካለ በላዩ ያሉትን ፖዶች ወደ ሌሎች ኖዶች ለማዛወር «ድሬን» ያድርጉት፤ ከሌለ ግን ችግሩ የሚታይበት አንድ የመሞከሪያ ፖድ እንዲቀር ቢያደርጉ ለምርመራው ይጠቅማል።

ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ወደ ፋይል ያስቀምጡ፤ የ«ኤንኤፍቲ ሊስት ሩልሴት» ውጤት፣ የ«አይፒቴብልስ-ኤንኤፍቲ-ሴቭ» ውጤት እና፣ በደረጃ 3 በተገለጸው ምክንያት «/ፕሮክ/ኔት/አይፒ_ቴብልስ_ኔምስ» የተባለው ፋይል አስቀድሞ ተነብቦ ስሞች ካሉበት ብቻ፣ የ«አይፒቴብልስ-ሌጋሲ-ሴቭ» ውጤት። አይፒቪ6 በክላስተሩ ላይ ካለ የ«አይፒ6ቴብልስ» ተመሳሳዮቹንም አይርሱ። እነዚሁኑ ገና ካልተሻሻለ ጤነኛ ኖድ ላይ ይውሰዱ። የሁለቱን ኖዶች ፋይሎች ጎን ለጎን ማነጻጸር ብዙ ግምትን ያስቀራል፤ ጤነኛ ኖድ እያለ ማሻሻያውን በሁሉም ኖዶች ላይ በአንድ ሌሊት መጨረስ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ «ኤንኤፍቲ ፍላሽ ሩልሴት» የሚለውን ትዕዛዝ አይጠቀሙ። ትዕዛዙ የኩብ-ፕሮክሲን (የሰርቪስ ትራፊክን ወደ ፖዶች የሚመራውን ፕሮግራም)፣ ፖዶቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የኔትወርክ ፕለጊኑንና የኖዱን የራሱን ፋየርዎል ደንቦች ሳይለይ ጠራርጎ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የተወሰነ መሻሻል አሳሳች ነው፤ ደንቦቹ ተመልሰው ሲጻፉ ችግሩም አብሮ ይመለሳል፣ ማስረጃው ግን ጠፍቷል።

2. የሚሠራው ከርነልና ሞጁሎቹ መዛመዳቸውን ያረጋግጡ

«ዩኔም -አር» የሚያሳየው ቨርዥን የሞጁሎች (ከርነሉ ሲያስፈልገው የሚጭናቸው ክፍሎች) ማደሪያ በሆነው በ«/ሊብ/ሞጁልስ» ሥር በዚያው ስም ማውጫ ሊኖረው ይገባል። የከርነል ጥቅሉ ተሻሽሎ ኖዱ ገና ዳግም ካልተነሣ፣ ወይም የጽዳት ሥራ የቆየውን ማውጫ ከሰረዘው፣ እየሠራ ያለው ከርነል ሞጁሎቹን ማግኘት አይችልም። ቀድሞ የተጫኑት መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ አዲስ ደንብ አዲስ ሞጁል በጠየቀ ጊዜ ግን ይወድቃል። መፍትሔው ኖዱን ዳግም ማስነሣት ነው።

ማውጫው ካለ ኩብ-ፕሮክሲ በአይፒቴብልስ ስልት ሲሠራ የሚፈልጋቸውን ሞጁሎች በ«ሞድፕሮብ» አንድ በአንድ ይሞክሩ። ዋናዎቹ የኮሜንት፣ የማርክ፣ የኮንትራክ (የግንኙነት መከታተያ)፣ የአድርታይፕ፣ የስታቲስቲክ እና የማስከሬድ ሞጁሎች ናቸው። የስታቲስቲክ ሞጁል የሰርቪሱን ትራፊክ በፖዶቹ መካከል በዕድል ለማከፋፈል ያገለግላል፤ ተመሳሳይ ደንበኛ ወደ ተመሳሳይ ፖድ እንዲሄድ የተዋቀሩ ሰርቪሶች ካሉ ደግሞ የሪሰንት ሞጁል ይጨመራል። ለ«አይፒቴብልስ-ኤንኤፍቲ» ከእነዚህ በላይ ወሳኙ «ኤንኤፍቲ_ኮምፓት» ነው፤ በኤንኤፍቴብልስ ቋንቋ አቻ የሌላቸውን የድሮ ማዛመጃዎች የሚያስኬደው እርሱ ነው። በብሪጅ ላይ ለሚሠሩ ፕለጊኖች «ቢአር_ኔትፊልተር» መጫኑንና የ«ብሪጅ-ኤንኤፍ-ኮል-አይፒቴብልስ» ቅንብር 1 መሆኑን ይመልከቱ።

ሞጁሉ ጨርሶ ካልተገኘ ወደ ሌላ ጥቅል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። በሬድ ሃት ቤተሰብ አንዳንድ ሞጁሎች በ«ከርነል-ሞጁልስ-ኤክስትራ»፣ በኡቡንቱ ደግሞ በ«ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ» ውስጥ ይገኛሉ፤ የጥቅሉ ቨርዥን ከሚሠራው ከርነል ጋር አንድ መሆን አለበት። ለራስፐሪ ፓይ የተዘጋጀው ኡቡንቱ ከ21.10 እስከ 23.10 ድረስ የቪኤክስላን (የፖድ ትራፊክን በኖዶች መካከል የሚያሻግር ዋሻ) ሞጁልን እንዲህ ለይቶ ስላወጣው፣ ፍላነል በተባለው የኔትወርክ ፕለጊን ላይ የቆሙ ትናንሽ የኬ3ኤስ (ቀለል ያለ ኩበርኔቲስ) ክላስተሮች ከማሻሻያው በኋላ በኖዶች መካከል መነጋገር አቅቷቸው ነበር። እንዲህ ያለው ጉዳይ የፋየርዎል ደንብ ችግር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ደንብ በመመርመር ሰዓታት ከማጥፋት በፊት ይህን ደረጃ መጨረስ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የሞጁል ስም ራሱ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። በከርነል 4.19 የአይፒቪ4 ኮንትራክ ሞጁል ከጠቅላላው «ኤንኤፍ_ኮንትራክ» ጋር ተዋሕዷል፤ የድሮውን «ኤንኤፍ_ኮንትራክ_አይፒቪ4» በስሙ እየጠሩ የሚጭኑ የማስነሻ ስክሪፕቶች በአዲሱ ከርነል ላይ ይወድቃሉ። በተለይ ኩብ-ፕሮክሲን በአይፒቪኤስ (የከርነሉ ጭነት ማከፋፈያ) ስልት ለማስነሣት ከዓመታት በፊት የተጻፉ ስክሪፕቶች ካሉዎት ይህን መስመር ይፈልጉ።

ሞጁሉ በእጅ ሲጫን ከሠራ ስሙን በ«/ኢቲሲ/ሞጁልስ-ሎድ.ዲ» ሥር በፋይል ይጻፉት፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዳግም መነሣት ችግሩ እንደ አዲስ ይጀምራል።

3. የትኛው ባክኤንድ እየተጻፈበት እንደሆነ ይወስኑ

በኖዱ ላይ «አይፒቴብልስ --ቨርዥን» ብለው ይጠይቁ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ሌጋሲ ወይም ኤንኤፍ_ቴብልስ የሚል ይመጣል። ይህ ግን የኖዱን መሣሪያ ብቻ ይነግርዎታል። በከርነሉ ውስጥ በእርግጥ ምን እንዳለ ለማወቅ «/ፕሮክ/ኔት/አይፒ_ቴብልስ_ኔምስ» የተባለውን ፋይል በሩት ሥልጣን ያንብቡ፤ በውስጡ የሠንጠረዥ ስሞች ካሉ የሌጋሲው ክፍል ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የምርመራው ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። «አይፒቴብልስ-ሌጋሲ -ኤል» ብሎ ደንብ መዘርዘር ብቻውን የሌጋሲውን ሞጁል ሊጭንና ባዶ ሠንጠረዥ ሊፈጥር ይችላል። ከዚያ በኋላ «አይፒቴብልስ-ኤንኤፍቲ» በተጠራ ቁጥር የሌጋሲ ሠንጠረዦች እንዳሉ ያስጠነቅቃል፤ መርማሪው በራሱ እጅ የፈጠረውን ምልክት እንደ በሽታ ይከታተላል። ስለዚህ ፋይሉን ያንብቡ፣ ስሞች ካሉበት ብቻ ወደ ሌጋሲ መሣሪያው ይሂዱ። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ከነበረ ግን በምንም ዓይነት ቸል የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ ደንቦቹን በስማቸው ይለዩ። «ኩብ-ሰርቪስስ»፣ «ኩብ-ኤስቪሲ» እና «ኩብ-ኤስኢፒ» ብለው የሚጀምሩ ሰንሰለቶች (የደንብ ዝርዝሮች) የኩብ-ፕሮክሲ ናቸው፤ «ካሊ» ብለው የሚጀምሩት ካሊኮ የተባለው የኔትወርክ ፕለጊን፣ «ፍላነል» የሚሉት የፍላነል ናቸው። ኩብሌት በበኩሉ በማንግል ሠንጠረዥ ውስጥ «ኩብ-አይፒቴብልስ-ሂንት» የተባለ ሰንሰለት ይፈጥራል፤ ይህ ሰንሰለት ፓኬት አያጣራም፣ ሥራው ኖዱ የትኛውን ባክኤንድ እንደሚጠቀም በኮንቴይነር ውስጥ ላሉ ሌሎች ጸሐፊዎች ማመልከት ነው። የምልክቱ ሰንሰለት በአንድ ባክኤንድ፣ የኩብ-ፕሮክሲ ወይም የፕለጊኑ ሰንሰለቶች በሌላው ከሆኑ ችግሩን አግኝተውታል።

4. የጸሐፊዎቹን ቨርዥን አንድ በአንድ ያነጻጽሩ

ባክኤንዱ አንድ ሆኖም አለመጣጣም ሊኖር ይችላል። ኩብሌትና የፖርትማፕ (የኖዱን ፖርት ከፖድ ጋር የሚያገናኘው) ፕለጊን በኖዱ ላይ የተጫነውን አይፒቴብልስ ይጠቀማሉ፤ ኩብ-ፕሮክሲና የኔትወርክ ፕለጊኑ ግን በየራሳቸው ኢሜጅ ውስጥ የታሸገውን ይጠቀማሉ። ኖዱን ማሻሻል የመጀመሪያዎቹን ብቻ ስለሚያሻሽል ልዩነቱ ይሰፋል። በ«ኩብሲቲኤል ኤግዜክ» ወደ እያንዳንዱ ፖድ ገብተው ቨርዥኑን ይጠይቁና በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉት።

ይህ ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ የሚመስለው ሰው በ2022 የወጣውን አይፒቴብልስ 1.8.8 ያስታውስ። ይህ ቨርዥን በፓኬት ላይ የተደረገን ምልክት የሚያዛምደውን ደንብ በአዲስ መልክ ለኤንኤፍቴብልስ መጻፍ ጀመረ፤ 1.8.7 ደግሞ ያንን መልክ ማንበብ አይችልም ነበር። በዚያ ዘመን ኩብሌት «ኩብ-ፋየርዎል» በተባለው ሰንሰለት ውስጥ «ይህ ምልክት ያለበት ፓኬት ይጣል» የሚል ደንብ ያስገባ ነበር። 1.8.7 ደንቡን ሲያነብ ምልክቱን የሚመለከተውን ሁኔታ ስቶ «ይጣል» የሚለውን ብቻ ያያል፤ ያነበበውን መልሶ የሚጽፍ ፕሮግራም ካለ ደግሞ ደንቡ በእርግጥ «ማንኛውም ፓኬት ይጣል» ወደሚል ይለወጣል፣ ኖዱም ከኔትወርክ ይጠፋል። በዚህ ሂደት አንድም የስሕተት መልእክት ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ በያዙት ፋይል ውስጥ ያለ ምንም ሁኔታ «ይጣል» የሚል መስመር ካገኙ፣ በጤነኛው ኖድ ላይ ያለውን አቻውን ይመልከቱ። ሁኔታው እዚያ ካለና እዚህ ከሌለ የቨርዥን አለመጣጣም ነው፤ መፍትሔውም ቨርዥኖቹን ማቀራረብ እንጂ መስመሩን በእጅ መሰረዝ አይደለም።

5. የስሕተት መልእክቶቹን ያንብቡ

የኩብ-ፕሮክሲንና የፕለጊኑን ሎግ ይክፈቱ። ሠንጠረዡ እንደሌለና ሞጁል መጫን ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሌጋሲ መሣሪያ የሌጋሲ ድጋፍ በሌለው ከርነል ላይ ሲሞክር ነው። አንድ ኤክስቴንሽን እንደማይደገፍና የከርነል ሞጁል ጎድሎ ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። ሠንጠረዡ «የማይጣጣም ነው፣ በኤንኤፍቲ መሣሪያ ተጠቀም» የሚል ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ወይም አንድ አገልግሎት አይፒቴብልስ በሚያስተዳድረው ሠንጠረዥ ውስጥ በ«ኤንኤፍቲ» በቀጥታ የጻፈው፣ አይፒቴብልስ ሊተረጉመው የማይችል ደንብ አለ ማለት ነው። የራስዎን ደንብ በሌላ ስም በተሰየመ ሠንጠረዥ ውስጥ ቢያስቀምጡ ይህ አይገጥምዎትም።

ሎጉ ብዙ ከሆነ የኩብ-ፕሮክሲን መለኪያዎች በፖርት 10249 ይጠይቁ፤ የ«ሪስቶር» ውድቀቶችን የሚቆጥረው መለኪያ እየጨመረ ከሄደ ደንቦቹ ወደ ከርነሉ እየገቡ አይደለም።

6. አንድ መንገድ መርጠው ሁሉንም ጸሐፊዎች ወደዚያ ያምጡ

ከተቻለ ኤንኤፍቲን ይምረጡ። ወደ ሌጋሲ መመለስ ለጊዜው ያስተነፍሳል፤ ነገር ግን ከርነሉም ዲስትሪቢውሽኖቹም እየተዉት ያለ መንገድ ስለሆነ በሚቀጥለው ማሻሻያ እዚያው ቦታ ላይ ያቆማል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ምርጫው በ«አፕዴት-ኦልተርኔቲቭስ» ይደረጋል፤ ከዓመታት በፊት በእጅ ሌጋሲ ተደርጎ የነበረ ኖድ ስርዓተ ክወናው ቢሻሻልም በዚያው ምርጫ ላይ ስለሚቆይ፣ በሁሉም ኖዶች ላይ አንድ መሆኑን ይፈትሹ። ካሊኮን የሚጠቀሙ ከሆነ የፌሊክስ (ደንብ የሚጽፈው የካሊኮ ክፍል) ባክኤንድ ቅንብር «ሌጋሲ» ተብሎ ተቸንክሮ እንዳልቀረ ያረጋግጡ፤ «ኦቶ» ቢሆን ይመረጣል። ኩብ-ፕሮክሲንና ፕለጊኑን በኖዱ ላይ ካለው ጋር የሚቀራረብ አይፒቴብልስ ወደያዘ ኢሜጅ ያሻሽሉ።

ከዚህ አልፎ አይፒቴብልስን በሙሉ መተውም ይቻላል። ኩብ-ፕሮክሲ ቀጥታ የኤንኤፍቴብልስ ስልት አለው፤ በኩበርኔቲስ 1.29 በአልፋ ጀምሮ በ1.33 ሙሉ ድጋፍ አግኝቷል፣ ከርነል 5.13 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ደንቦቹን «ኩብ-ፕሮክሲ» በተባለ የራሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ከሌሎች ጋር የመጋጨት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሁለት ልዩነቶችን ግን አስቀድመው ያሳውቁ፤ በዚህ ስልት ኖድፖርት በ127.0.0.1 በኩል አይገኝም፣ ሳይቀየር በመነሻው ከተተወም በኖዱ ዋና አድራሻ ላይ ብቻ ነው የሚያዳምጠው። የኔትወርክ ፕለጊኑ ይህን ስልት መደገፉንም ከሰነዱ ያረጋግጡ።

ከኩበርኔቲስ ውጭ ያሉትንም ጸሐፊዎች አይዘንጉ። የዴቢያን «/ኢቲሲ/ኤንኤፍቴብልስ.ኮንፍ» የሚጀምረው ሁሉንም ደንቦች በሚያጸዳ መስመር ነው፤ አገልግሎቱን ክላስተሩ እየሠራ ሳለ ሪስታርት ማድረግ የኩብ-ፕሮክሲን ደንቦች ያጠፋል። መስመሩን የራስዎን ሠንጠረዥ ብቻ በሚያጸዳ ይተኩት። ቀደም ሲል የተቀመጡ ደንቦችን በማስነሻ ጊዜ የሚመልስ «ኔትፊልተር-ፐርሲስተንት» ካለም፣ በፋይሉ ውስጥ የቆዩ የኩብ ሰንሰለቶች አብረው ተቀምጠው እንዳይሆን ይመልከቱ።

7. ኖዱን ዳግም አስነሥተው ይፈትኑ

የባክኤንድ ለውጥ ካደረጉ በኋላ የፊተኛው ባክኤንድ ደንቦች በከርነሉ ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ። በእጅ ለመልቀም ከመሞከር ኖዱን ዳግም ማስነሣት ይሻላል። ሲነሣ መጀመሪያ «አይፒ_ቴብልስ_ኔምስ» ባዶ መሆኑን ወይም አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በኖዱ ላይ ከተነሣ ፖድ ውስጥ ሆነው በቅደም ተከተል በሌላ ኖድ ላይ ያለ ፖድን በቀጥታ አድራሻው፣ አንድ ሰርቪስን በክላስተር አይፒው፣ በመጨረሻም በዲኤንኤስ ስሙ ይጥሩ። የመጀመሪያው ከወደቀ ችግሩ በፕለጊኑ ወይም በቪኤክስላን ነው፤ የመጀመሪያው አልፎ ሁለተኛው ከወደቀ በኩብ-ፕሮክሲ ደንቦች ነው፤ ሦስተኛው ብቻ ከወደቀ የዲኤንኤስ ሰርቪሱን ይመልከቱ። ከክላስተሩ ውጭ ደግሞ ከ30000 እስከ 32767 ባለው ክልል ውስጥ ያለ አንድ ኖድፖርት ይሞክሩ።

ፈተናው ካለፈ በኋላ አንድ ሰርቪስን ከሁለት ፖድ ወደ ሦስት ያሳድጉና አዲሱ ፖድ በኖዱ ደንቦች ውስጥ መግባቱን ይመልከቱ። ሲነሣ የተጻፉት ደንቦች ትክክል ሆነው በኋላ የሚደረጉ ለውጦች የማይገቡበት ሁኔታ አለና፣ ይህ ሳይታይ «አንኮርደን» ማድረግ አይገባም።

8. ወደ ቀሩት ኖዶች ይሂዱ

ማስተካከያዎቹን በእጅ ከመደጋገም ይልቅ በኖዱ ኢሜጅ ወይም በማዋቀሪያ ስክሪፕቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ክላስተሩ በራሱ ኖድ የሚጨምር ከሆነ አዲሱ ኖድ የሚነሣው ከድሮው ኢሜጅ ነውና። የከርነል ጥቅሉን በ«አፕት-ማርክ ሆልድ» ይያዙት፣ አውቶማቲክ ማሻሻያውንም የመጨረሻው ኖድ እስኪያልፍ ድረስ ያቁሙት። ቀጣዩን ኖድ ከመጀመርዎ በፊት የቀድሞው ከርነል በግራብ (የማስነሻ ፕሮግራሙ) ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ ሞጁሎቹም አለመሰረዛቸውን ያረጋግጡ፤ ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገ ዝርዝሩ ውስጥ የከርነሉ ስም ኖሮ ሞጁሎቹ ከሌሉ ኖዱ ይነሣል፣ ኔትወርኩ ግን አይነሣም።